ያልለመደ ሸራ

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ሁለት ሙሉ ሳምንት የምሰጠው ለሰበቃ ነው። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ እንደሚቃወም፣ ያለ ሰበቃ መራመድም መቆምም እንደማይቻል፣ ኮተቤ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ያለፈ ልጅ ሁሉ ከእኔ ሰምቷል። ይህን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም። የምተርከው ነገር ሲደርስብኝ የጎደለኝ ዕውቀት እንዳልነበረ አስቀድሞ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

ሳይክል የገዛሁት በሐኪም ምክር ነው። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ ስፖርት እሠራ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ በየጠዋቱ የካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ እንደምቆም ነገርኩት። እሱ ግን ይህን ካርዴ ላይ አልጻፈውም። በሳምንቱ ጉልበቱን ከሚያመው አንድ ባልደረባዬ ላይ ያገለገለ የተራራ ሳይክል ገዛሁ። ጉልበቱን ምን እንደጎዳው አልጠየቅሁትም።

ከኮንዶሚኒየማችን እስከ ትምህርት ቤት መመላለሱን ስለምደው ዓይኔ ወደ ተራራው ማማተር ጀመረ። እሑድ እሑድ ጠዋት እንጦጦ መውጣት ያዝኩ። ሽቅቡን ግማሹን እየነዳሁ፣ ግማሹን እየገፋሁ ስለምወጣው ብዙም የሚያስመካ አልነበረም። ቁልቁሉን ግን ከላይ እስከ ታች ፍሬን ጨብጬ ነበር የምወርደው። እናም በሦስተኛው ወር ሳይክሉ ቁልቁለት ላይ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

ኮተቤ መንገድ ዳር አንድ የሳይክል ጠጋኝ አለ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ጎማውን ፈቶ ጉዱን አሳየኝ። በእንደኔ ዓይነቱ ሳይክል ጎማው መሀል ዲስክ የሚባል ቀጭን ክብ ብረት አለ፤ የፍሬኑን እጀታ ሲጨብጡት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። የእኔዎቹ ሸራዎች ተፍቀው አልቀው የቀረው ከበስተጀርባቸው ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

ከፊትም ከኋላም አዲስ ሸራ ገጠመልኝ። ዲስኩን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ይህን አየሁ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሲጨርስ፣ ቁልቁለት ከመውረዴ በፊት ሸራውን ማለማመድ እንዳለብኝ ነገረኝ። ሜዳ ላይ ፈጠን ብዬ እየነዳሁ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ እንድይዝ፣ ነገር ግን ጭራሽ ሳልቆም፣ ፍጥነቱ የእግረኛ ያህል ሲሆን እንድለቀው፣ ይህንንም ሃያ ጊዜ ያህል እንድደጋግመው።

"አዲስ ሸራ አይዝም፣ መምህር" አለኝ። "መጀመሪያ ከዲስኩ ጋር መተዋወቅ አለበት።"

መተዋወቅ የሚለው ቃል ፈገግ አሰኘኝ። ደግነት ተሰምቶኝ ላስረዳው ተነሳሁ። የሰበቃን መጠን የሚወስኑት የሚነካኩት ነገሮች ዓይነትና የሚጫናቸው ኃይል መሆናቸውን፣ መተዋወቅ የሚባል ነገር በቀመሩ ውስጥ እንደሌለ፣ እንዲያውም አዲስ ሸራ ሻካራ ስለሆነ ከአሮጌው ይበልጥ መያዝ እንደሚገባው ነገርኩት። አንድ ካርቶን አንስቼ ቀስቶችም ሣልኩለት። እሱም መነጽሩን አድርጎ ሥዕሉን እስከ መጨረሻው ተመለከተና፣ ጥሩ ሥዕል መሆኑን ተናግሮ፣ ለማንኛውም ያለማምዱት አለኝ።

አላለማመድኩትም። እሑድ ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። ፓርኩ በር አጠገብ ትንሽ አርፌ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ሄልሜቴን አጥብቄ ቁልቁል ወደ ፈረንሳይ ሠፈር የሚወስደውን መንገድ ጀመርኩት። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ ሳይክሉ በመጠኑ ዝግ አለ። አዲስ ነው፣ አልተፍታታም አልኩ። እንዲህ ሳስብ ከጠጋኙ ጋር መስማማቴ እንደሆነ ልብ አላልኩም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩት። እጀታው እስከ መጨረሻው መጣልኝ፤ ሳይክሉ ግን እንደሄደ ነው። ሳልለቅ ይዤው መውረድ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ሸራዎቹ መጮህ ጀመሩ። ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ጩኸቱን ሰምቶ ዳር ያዘልኝ፤ በሕይወቴ ታክሲ መንገድ ሲለቅልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ነፋሱ ዓይኔን እየገረፈው እንባዬ እስከ ጆሮዬ ይወርዳል።

ደግነቱ ትምህርቴ ጨርሶ አልከዳኝም። ፍሬን ያላቆመውን ነገር ዳገት ያቆመዋል። በግራ በኩል ሽቅብ የሚወጣ የኮብልስቶን መንገድ ታየኝ፤ ሰውነቴን አጋድሜ ገባሁበት። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ሳይክሉ ዝግ እያለ፣ እየሰከነ ሄደ። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር ዳገቱ አጭር መሆኑን ነው። ጫፉ ላይ መንገዱ ሜዳ ይሆንና ይታጠፋል። ስታጠፍ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በድንኳን ተዘግቷል። የለቅሶ ድንኳን ነው፤ አፉም ወደ እኔ ነው።

ስገባ ፍጥነቴ የሩጫ ያህል ቢሆን ነው። ግራና ቀኝ ባሉት አግዳሚ ወንበሮች መሀል አለፍኩ፤ ባዶውን አንድ ወንበር ገለበጥኩ፤ ከዚያ ሳይክሉ ከእግሬ ሥር ተንሸራቶ ወደቀና እኔ ፊት ለፊት በተቀመጡት አዛውንት እግር ሥር በጉልበቴ ተደፋሁ። ሟቿ ባለቤታቸው እንደነበሩ ያወቅሁት ኋላ ነው። ቀብራቸው የተፈጸመው ቅዳሜ፣ እኔ ከመድረሴ አንድ ቀን በፊት ነበር።

ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ይገምተዋል። ላብ ያጠመቀው፣ ፊቱ በእንባ የታጠበ ሰው እየሮጠ ገብቶ ባለቤታቸውን በሞት ባጡ ሰው እግር ላይ ሲደፋ፣ ድንኳን የተቀመጠ ሕዝብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚረዳው። በሴቶቹ በኩል ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝና "አይዞህ፣ በርታ እንጂ፣ አንተ እንዲህ ከሆንክ እሳቸው ምን ይሁኑ" እያሉ ከአዛውንቱ ጎን አስቀመጡኝ። ሳይክሌን አንድ ሰው አንስቶ ውጭ አጥር ላይ አስደገፈው። ሄልሜቴን የማወልቅበት ጊዜ እንኳ አላገኘሁም።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው፤ በልቤም ጀምሬው ነበር። ነገር ግን አጥንት የሚሰብር ለቅሶ እየተለቀሰ፣ ይቅርታ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ከአፌ የወጣው "እግዜር ያጽናዎት" የሚል ብቻ ሆነ። አዛውንቱ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ረጅም፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ጥቁር ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው። በወዲያኛው ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጠጋ ብሎ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከየካ አባዶ አልኩት፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ለቀጣዩ ሲያቀብል፣ ከየካ አባዶ ድረስ በሳይክል መምጣቴ ከወንበር ወንበር ሲተላለፍ ሰማሁት። ሦስተኛው ወንበር ላይ ሲደርስ ታክሲ እስኪመጣ መቆየት አቅቶኝ ነበር የመጣሁት። ድንኳኑ ጥግ ሲደርስ ደግሞ ሟቿ ያሳደጉኝ ሰው ሆንኩ።

አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሐዘን መሰለው። እንደምንም ብዬ ሹልክ ለማለት ጊዜ ስጠብቅ፣ አዛውንቱ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ተናገሩ።

"ሸራው አዲስ ነው?"

መጀመሪያ ድንኳኑን የሚሉ መሰለኝ። "የቱ፣ ጋሼ?" አልኩ።

"የፍሬኑ። ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ሳታለማምደው ነው የወረድከው።"

የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

"ተወው" አሉ። "ዝም ብለህ ተቀመጥ። ንፍሮ እየመጣ ነው።"

ንፍሮውን በላሁ። ከቁልቁለቱ ስወርድ የያዘኝ ርሃብ ይሁን እፍረት እንጃ፣ ጥርግ አድርጌ ጨረስኩት፤ ሁለተኛም ጨመሩልኝ፤ ሐዘንተኛ ስለሆንኩ እምቢታዬን የሚሰማ አልነበረም። ከዚያ ተሰናብቼ ሳይክሌን በእጄ እየገፋሁ እስከ ዋናው መንገድ ወረድኩ፤ ቤቴ የደረስኩትም ሳይክሉን የጭነት መኪና ላይ አስጭኜ፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው።

ለባለቤቴ የሆነውን ስነግራት የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ሰልስቱ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገ መሆኑን ነገርኳትና፣ ሰዎቹን እኮ አላውቃቸውም አልኳት። እግራቸው ላይ ወድቀህ፣ ንፍሯቸውን በልተህ፣ አላውቃቸውም የምትለው በምን አፍህ ነው አለችኝ። ለቅሶ አንድ ጊዜ ከደረስክ ደርሰሃል፤ በስህተት ደረስኩ የሚባል ለቅሶ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ካስተማርኩት ሕግ ሁሉ ይህኛው በጣም ግልጽ ሆኖ ታየኝ።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ኮት ለብሼ በታክሲ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እንደገባሁ ሦስት ሰዎች ሳይክሉስ ብለው ጠየቁኝ። አዛውንቱ አልነበሩም፤ ውስጥ ጋደም ብለዋል ተባለ። በእሳቸው ቦታ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ተቀምጣለች። ልጃቸው ናት። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ለብቻዬ ልታናግረኝ እንደምትፈልግ በምልክት ነገረችኝ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የተከመሩት ትርፍ ወንበሮች ጋ ቆምን።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ሁሉም ሰው እርስዎን የእናቴ ዘመድ ነዎት ይለኛል። እኔ ግን የእናቴን ዘመዶች ሁሉ አውቃቸዋለሁ።"

ነገርኳት። ከሐኪሙ ጀምሬ፣ ካርቶኑን፣ ቀስቶቹን፣ የዳገቱን ሒሳብ፣ አንድም ሳላስቀር። ስጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስቀየምኳት ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላዋን ስታወርደው እየሳቀች ነበር። ድምፅዋ እንዳይሰማ አፏን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ እንባው አልቆም አላትና ማልቀስ ሆነ። ምን እንደማደርግ ስለጠፋኝ አንድ ወንበር ከክምሩ ላይ አውርጄ ሰጠኋት።

ሲረግብላት የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አባቷ እናቷ ከሞቱበት ከዓርብ ጀምሮ እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እህል የቀመሱት በልመና ነው። እሑድ እኔ ከሄድኩ በኋላ ግን ምሳ ቀርቦላቸው፣ እንጀራውን እየቆረሱ፣ ያ ሰውዬ ፍሬኑን እንዴት እንዳቃጠለው ለቤተሰቡ ሲያስረዱ ዋሉ። ለካስ ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ።

"ማን እንደሆኑ አልነገረንም" አለችኝ። "የሸራውን ነገር ብቻ ነው ያወራው። እባክዎ ሳይክሉን ይዘውለት ይምጡ።"

ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። ድንኳኑ ተነስቷል፤ መንገዱም ባዶውን ሲታይ ከድንኳኑ ጋር ካየሁት በላይ ረጅምና ሜዳ ነው። አዛውንቱ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ሰላምታችን አጭር ሆነ። ጎማውን አስፈቱኝና ሸራዎቹን ወደ ብርሃን አንስተው አዩዋቸው። ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሲቃጠል እንዲህ ይሆናል አሉ፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ መያዙን ትቶ መንሸራተት ነው። ብርጭቆ ወረቀት አስመጡና የሚያብለጨልጨው እስኪጠፋ በዝግታ ፈተጉት። ዲስኩን ከኮሮና ጊዜ በተረፈ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉት። በጣቴ ልነካው ስል እጄን መለሱት፤ የእጅ ወዝ ሸራ ያበላሻል። ጠጋኙ በሳሙና የታጠበው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ንዳ አሉኝ። መንገዱ ጫፍ ድረስ ፈጠን፤ ያዝ፤ እንዳትቆም፤ ልቀቅ፤ ተመለስ። እሳቸው መሀል ላይ ቆመው ይቆጥራሉ። ጎረቤቱ አንድ ሁለት እያለ ከየበሩ ወጣ። ባለፈው እሑድ በሐዘን ራሱን የሳተው ሰውዬ አሁን ደግሞ ያለ ምክንያት ሲመላለስ፣ ሊቆም ይልና ሳይቆም ሲሄድ፣ አዛውንቱም እንደ ዳኛ ሲቆጥሩለት እያየ በየደጁ ቆመ። ሐዘን ሰውን በየመልኩ ነው የሚያደርገው ተብሎ ሳይታለፍልኝ አልቀረም።

ስምንተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝና እንዳርፍ ፈቀዱልኝ፤ ዲስኩም ይቀዝቅዝ አሉ። ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ስለ ባለቤታቸው አወሩኝ። አውቶቡሱ አዲስ ሸራ በተገጠመለት ቁጥር ሰው ሳይጭኑ ወደ ሱሉልታ ይወጡ ነበር፤ እዚያ ሜዳው ላይ እየሄዱ፣ እየያዙ፣ እየለቀቁ ያለማምዱታል። ሌላው ሾፌር ከመንገደኛ ጋር ነው የሚያለማምደው፤ እሳቸው ግን የሰው ነፍስ ይዘው አይደፍሩም። ከሠፈራቸው አንዲት ልጅ አንድ ቀን፣ ስድሳ ሰው የሚይዝ መኪና ባዶውን ሲሄድ አይታ የት እንደሚሄድ ጠየቀቻቸው። የትም እንደማይሄድ ነገሯት። እንግዲያው እኔም የትም አልሄድም፣ ልምጣ አለች። ከኋላቸው ያለው መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አዲስ ሸራ በገባ ቁጥር ምሳ በጨርቅ ቋጥራ ትመጣለች። ሱሉልታ ሜዳ ላይ መኪናው በያዘ ቁጥር ወደፊት፣ በለቀቀ ቁጥር ወደኋላ እያለች ትስቃለች።

"ሦስት ጊዜ ሸራ ካስቀየርኩ በኋላ ሽማግሌ ላክሁ" አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ "ሁለተኛው እንኳ ገና አላለቀም ነበር" ሲሉ ጨመሩ።

ይህን ሲሉ የጋብቻ ምሳሌ የሚያስከትሉ መስሎኝ ጠበቅሁ። ሁለት ነገር ቀስ በቀስ ሲላመድ ነው የሚሆነው ምናምን ይላሉ ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን እል ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዲስኩ አጠገብ አድርገው ሙቀቱን ለኩና፣ ተነስ፣ ዘጠነኛው ነው አሉኝ።

አሥራ አራተኛው ላይ ልዩነቱ እጄ ላይ ተሰማኝ። እጀታውን ስነካው ሳይክሉ ከሥሬ ጠበቅ፣ ስብስብ አለ፤ ጩኸቱም ጠፍቷል። ሃያኛው ላይ በሁለት ጣት ይዤው ቆመ። ከሸራው የሚለቅ ስስ ነገር ዲስኩ ላይ እኩል ተቀብቶ ሸራው የሚይዘው ያንኑ የራሱን ልባስ መሆኑን፣ ያ ከሌለ ባዶ ብረት ላይ መንሸራተት እንደሆነ አስረዱኝ። ቀስቶች አልሣሉም። በማግስቱ ቁልቁለቱን ስወርደው ሳይክሉ በያዝኩት ቁጥር ያዘልኝ። ሰኞ ኮተቤ ጠጋኙ ጋ ሄጄ ትክክል እንደነበረ ነገርኩት። እሱም ትክክል መሆኑን ያውቅ ስለነበር ብዙም አልተደነቀም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስወርድ እሳቸው ጋ ጎራ ማለት ለመድኩ። ለአርባው ባለቤቴንም ይዤ ሄድኩ። ልጃቸው እንግዳ ሆኜ እንድቀመጥ አልፈለገችም፤ ከቤተ ዘመዱ ጋር ጠላ ቀጂ አድርጋ መደበችኝ። ከገጠር የመጡ አንድ ጆሮአቸው የከበዳቸው የሟቿ አጎት ጣሳቸውን እየሞላሁላቸው በትኩረት አዩኝና፣ ይህ ልጅ በማን በኩል ነው የሚዛመደን ብለው አዛውንቱን ጠየቁ።

"በፍሬን በኩል ነው" አሉ አዛውንቱ ሳይስቁ።

አጎትየው ፈረንሳይ ያሏቸው መሰላቸው። የሠፈሩን ሰው እንደሆነ ድሮም እንደሚወዱት ተናግረው፣ ጣሳቸውን አጋመሱና እንድሞላላቸው መልሰው ዘረጉልኝ። ሞላሁላቸው። ገና ሁለት ረድፍ ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ወደሚቀጥሉት አለፍኩ።